የአፓቼዋ የኋላ ጎማ

አፓቼ ለሚዛን መንገድ የተሠራች ሞተር አይደለችም። ይህን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቄው ነው የገዛኋት። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ፈቃድ የሌላቸው ሞተሮች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ስትከለክል፣ ባለሞተሩ ሁሉ ክፍለ ሀገር ያለ ጓደኛውን እያስታወሰ ይደውል ጀመር። ለእኔ የደወለልኝ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ልጅ ነበር። «አርቲአር 180 ናት፣ ጥቁር፣ ዋጋዋ ተሰብሯል። ወስደህ ቡናህ መሀል ንዳት» አለኝ። ብዙም ሳትቆይ በአይሱዙ ጀርባ፣ በስፖንጅ ፍራሽና በፕላስቲክ ወንበር መሀል ታስራ፣ ጅማንና ቦንጋን አልፋ ሚዛን ወረደች።

የሰፈር ልጆች ከበቧት። እኛ ጋ የተለመዱት የግብርና ባለሙያዎች የሚነዷት ከመሬት ከፍ ያለችው ያማሃ ዲቲና፣ ሰውም ዶሮም ጆንያም እየጫነች ቀኑን ሙሉ የምትመላለሰው ቦክሰር ናቸው። አፓቼ ግን አንገቷን ደፋ፣ ኋላዋን ሰቀል አድርጋ የምትቆም፣ ጎማዋ ሰፋ ያለ የስፖርት ሞተር ናት። የምታምረው ቀለበት መንገድ ላይ ነው። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ የምሠራው ለአንድ ቡና አቅራቢ ነበር። ሥራዬ በሸኮ፣ በደቡብ ቤንችና በቴፒ አቅጣጫ ያሉ የእሸት ቡና መቀበያዎችን መዞር፣ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ማየት፣ እርጥበቱን መለካትና ማታ ለአለቃዬ በስልክ ማሳወቅ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ስሄድ ሞተሯ ደስ ትለኛለች። ከዋናው መንገድ ወጥቼ ወደ ገበሬው ቀበሌ ስታጠፍ ግን ጠጠሩ ይጀምራል፣ ከጠጠሩ ቀጥሎ ቀይ አፈሩ ይመጣል፤ ቀይ አፈር ደግሞ ሲረጥብ እንደ ተልባ ያሙለጨልጫል። በሚዛንና በቴፒ አካባቢ የሚረጥበው መቼ ነው ቢባል፣ የማይረጥበው መቼ እንደሆነ መጠየቅ ይቀላል። ዝናቡ በመጋቢት ይጀምርና ጥቅምትን ተሻግሮ እንኳ አይለቅም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሸኮ ስመለስ፣ ከፊቴ ሙዝ የጫነ ኤፍኤስአር ኩርባው ላይ ድንገት ፍሬን ያዘ። እኔም ያዝኩ። የፊቱ ጎማ ታዘዘኝ፤ የኋላው ግን መንገዱን ለቆ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ግራ። አልወደቅኩም። የኤፍኤስአሩ ረዳት ከላይ ሆኖ «አይዞህ ብሮ!» እያለ ሲስቅ ይሰማኛል። ሞተሯን ጥግ አስይዤ ወረድኩና የኋላውን ጎማ ቁጢጥ ብዬ አየሁት።

በማግስቱ ወደ አማን መውረጃው ላይ ወዳለ ጎሚስታ ወሰድኳት። ሰውዬው ሥራውን ጅማ ተምሮ የመጣ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ጣቶቹ ከጎማው የማይለዩ ሰው ነው። ከበሩ ላይ አንድ ኮምፕሬሰር፣ በርሜል ተቆርጦ የተሠራ የውሃ ገንዳ፣ ደረቅ ማስቲሽ የተጋገረበት ጠረጴዛ አለ።

«ጋሼ፣ ይቺን እስኪ ይዩልኝ» አልኩት።

አላጎነበሰም። እጁን ብቻ ሰድዶ የጎማውን መሀል ዳበሰ፣ ቀጥሎ ጎኑን ዳበሰ። «ባለቤቷ ቀጥ ብሎ ብቻ ነበር የሚሄደው» አለ። «አየህ፣ መሀሉ አልቆ ሜዳ ሆኗል፤ ጎንና ጎኑ ግን አልተነካም። የአዲስ አበባ ጎማ እንዲህ ነው የሚያልቀው።»

ከዚያ ያስረዳኝ ነገር እስከ ዛሬ ሞተር ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። የሞተር ጎማ ሲሠራ ክብ ሆኖ ነው፤ ስታጋድል ከመሀሉ ወደ ጎኑ ሳታውቀው ትንከባለላለህ። መሀሉ ሜዳ ሲሆን ግን ሜዳው የሚያልቅበት ላይ ጠርዝ ይወጣል። ኩርባ ላይ ስታጋድል ጎማው እዚያ ጠርዝ ላይ ይወጣና በድንገት ይወድቃል። ጥርሱ ቢቀርም ባይቀርም፣ የእኔን ሞተር ያንሸራተታት ግማሹ ምክንያት ይኸው ቅርጽ ነው። ቀጥሎ በጥፍሩ በጥርሶቹ መሀል ካለው ቦይ ውስጥ አንዲት ትንሽ እብጠት አሳየኝ። የሞተር ጎማ ላይ ይህች እብጠት ቁመቷ ብዙ ጊዜ 0.8 ሚሊ ሜትር ናት፤ የጥርሱ ቁመት ከእሷ ጋር ሲስተካከል ጎማው አበቃ ማለት ነው። የእኔ ከተስተካከለ ቆይቷል።

ጎማውን ሲፈታው ሌላ ጉድ ወጣ። ቸርኬው ላይ «ቲዩብለስ» ተብሎ ተቀርጿል፤ ውስጡ ግን ከመነዳሪ ተከቷል። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ጎትቶ አወጣና ከፍ አድርጎ ያዘው። ስንት ቦታ እንደተለጠፈ መቁጠር አስቸጋሪ ነበር።

ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሚስማር ሲወጋው ሚስማሩን ራሱ ይዞ ይቆያል፤ ነፋሱ የሚወጣው ቀስ እያለ ስለሆነ ከቀበሌ ወጥተህ ዋናው መንገድ ላይ ለመድረስ ጊዜ ታገኛለህ። ቀዳዳውም ጎማው ሳይፈታ ከውጭ በተጠቀለለ የላስቲክ ገመድ ይደፈናል። ከመነዳሪ ሲወጋ ግን በአንድ ጊዜ ይተነፍሳል፤ ያ ደግሞ በኋላው ጎማ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። «ታዲያ አሁን ያለ ከመነዳሪ እናድርገው?» ስለው ጎሚስታው ወዲያው እሺ አላለም። ቸርኬውን በዘንግ ላይ አስቀምጦ ቀስ እያለ አዞረው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ እየተከተለ።

«እዚህ አገር ነገሩ ሌላ ነው» አለኝ። «ድንጋይ ይመታሃል፣ ቸርኬው ይጎብጣል። ያኔ ነፋስ በጠርዙ ይሾልካል። የጎበጠ ቸርኬ ያለው ሰው ከመነዳሪ ቢከት አልስቅበትም፤ ቤቱ መግባት አለበት። ያንተ ግን አልጎበጠም። ያለ ከመነዳሪ ሂድ።» ከዚያ የሚገዛውን ነገረኝ፤ «ስሙን ተወው፣ ጎኑን አንብብ» አለ።

ጎኑን ማንበብ እንግዲህ ይህን ይመስላል። የአርቲአር 180 የኋላ ጎማ 110/80-17 ነው። 110 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 80 ደግሞ ከስፋቱ ላይ የሚሰላ የግድግዳው ቁመት በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ስለዚህ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው የጎማ ሥጋ 88 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ቀጥሎ 57 የሚል ቁጥርና ፒ የሚል ፊደል ይኖራል። 57 ጎማው 230 ኪሎ እንደሚሸከም ይናገራል፤ ፒ ደግሞ በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር መሄድ እንደሚችል። ሁለተኛዋ ለእኔ ቀልድ ናት፤ በሚዛንና በቴፒ መሀል 150 የሚነዳ ሰው ጎማ ሳይሆን ጸሎት ነው የሚያስፈልገው። የመጀመሪያዋ ግን ቀልድ አይደለችም፤ እኔ፣ አብሮኝ የሚፈናጠጥ መዛኝና አንድ ናሙና የያዘ ጆንያ አንድ ላይ ስንቀመጥ የኋላው ጎማ የሚሸከመውን ማስላት አለብኝ።

በሚዛን ሦስት የሚጠየቁ ሱቆች ነበሩ። አንደኛው 110/80 የለውም። ሁለተኛው ያለው ታዋቂ ስም የተጻፈበት፣ ሲያዩት ጥቁር፣ ጥርሱ ያልተነካ የህንድ ጎማ ነው፤ በረንዳው ላይ በገመድ ተሰቅሎ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ነው የኖረው። ዋጋው ከገበያው ረከስ ይላል። አውርድልኝ አልኩና ጎኑ ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ የተጻፈውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ፈለግሁ። 2214 ይላል።

«ይሄ አሮጌ ነው» አልኩት ባለሱቁን።

«ምኑ ነው አሮጌ? ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም።»

«14 ነው የሚለው። የተሠራው በ2014 በ22ኛው ሳምንት ነው።»

ባለሱቁ ቁጥሩን ራሱ ጎንበስ ብሎ አየው። ፊቱ በራ። «ዘንድሮ ስንት ነው? 2012 አይደለም እንዴ? ታዲያ እንዴት ነው አሮጌ የሚሆነው? ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል እኮ!» አለ። በሱቁ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የሚያሾፍ አልመሰለኝም፣ በእውነት ነው ያለው። በፈረንጅ አቆጣጠር 2014 ማለት በእኛ 2006፣ 22ኛው ሳምንት ደግሞ ግንቦት እንደሆነ ሳስረዳው ትንሽ አሰበና «ጎማ እኮ እንጀራ አይደለም፣ አይሻግትም» አለኝ።

አይሻግትም፤ ግን ይደርቃል። ጎማ የሚለሰልሰው በውስጡ ባለው ዘይት፣ ከአየር የሚጠበቀው ደግሞ በሰሙ ነው፤ ሰሙም የሚወጣው ጎማው ሲንከባለልና ሲታጠፍ ነው። ተሰቅሎ የኖረ ጎማ ሰሙን ወደ ላይ አያወጣም፣ አየሩ ይበላዋል፣ ፀሐይም ታከርረዋል። ግድግዳውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ውስጥ ሳጥፈው ከጥርሶቹ ሥር ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ብቅ አሉ። ለባለሱቁ አሳየሁት። «ይህ እንኳ አይታይም» አለ፤ ሞተሯ ግን የምታየው ነገር ነው። ደረቅ ጎማ እርጥብ መንገድን አይዝም። ትቼው ወጣሁ።

ሦስተኛው ሱቅ ወጣቶች የሚሰበሰቡበት ነው። እዚያ ሁለት ምርጫ ቀረበልኝ። አንዱ 120/80 ነው። የአካባቢው የአፓቼ ባለቤቶች ይህን ይወዱታል፤ ሞተሯን ከኋላ ስታያት ወፈር ትላለች። አንዱ ልጅ የራሱን ሊያሳየኝ ወጣ። ስፋቱ ቢጨምርም ቸርኬው ያው ስለሆነ ጎማው ከሁለት ጎን ተጨምቆ ጀርባው ሾጣጣ ይሆናል፤ መሬት የሚነካው እንዲያውም ያንሳል። ግድግዳው ስምንት ሚሊ ሜትር ስለሚረዝም ሞተሯ ከኋላ ትነሣለች፣ ማርሹም ይረዝማል፤ ዳገት ላይ ጉልበት ትከለክላለች። የልጁ ካቴና ከጎማው ጎን ጋር ምን ያህል እንደተቀራረበ ጣቴን አስገብቼ ለካሁ። አልገባም። «ጭቃ ሲገባ ይፋቃል?» ስለው «ትንሽ ድምፅ ያሰማል» አለ።

ሁለተኛው ምርጫ ስሙን ከዚያ በፊት ያላየሁት፣ ትልልቅ ጥርስ ያለው፣ ለጭቃ የተሠራ የቻይና ጎማ ነበር። በልክ 17 ነው፣ በዋጋ ከሁሉ ይረክሳል፣ ግን ከመነዳሪ ይፈልጋል። ይህን ጎማ በቀላሉ አልናቅሁትም። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ይልቅ ያጓጓኝ እሱ ነው። ወደ ገበሬው ቀበሌ የሚወስደው ቀይ አፈር ላይ የመንገድ ጎማ ዕጣው የታወቀ ነው፤ ትንንሾቹ ቦዮች በአንድ ሜትር ውስጥ በጭቃ ይሞላሉ፣ ከዚያ ጎማው የጭቃ ቀለበት ለብሶ ይዞራል እንጂ አይነክስም። ትልልቅ ጥርሶች ያሉት ጎማ ግን በጥርሶቹ መሀል ያለውን ጭቃ ሲዞር ይወረውረዋል፣ ከሥርም አዲስ አፈር ይነክሳል። ነገር ግን እርጥብ አስፋልት ላይ ያው ጥርስ ጠላት ነው። መሬት የሚነካው ሙሉው ጎማ ሳይሆን የጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው፤ እሱም ፍሬን ሲያዝ ይታጠፋል። እኔ የተንሸራተትኩት ደግሞ አስፋልት ላይ ነው። ከመኪና ጋር የምጋጨው፣ ፍጥነት የሚኖረኝ፣ ብወድቅ የምሰበረው እዚያ ነው። ጭቃ ላይ የሚወድቅ ሰው በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወድቃል፣ ልብሱን አጥቦ ይነሣል።

ውሳኔዬ ከዚህ መጣ። ጎማውን የምመርጠው ለሚያቆመኝ መንገድ ሳይሆን ለሚገድለኝ መንገድ ነው። አዲስ አበባ ደውዬ ለዚያው ሞተሯን ለሸጠልኝ ልጅ 110/80-17፣ ቲዩብለስ፣ የመንገድ ጎማ፣ ግን ቦዩ ጠለቅ ያለውን፣ የተሠራበት ዓመት 19 የሚለውን ብቻ ሶማሌ ተራ ሄዶ እንዲገዛልኝ ነገርኩት። «ፎቶ አንስተህ ቁጥሩን ላክልኝ፣ ሳላየው ብር አላስገባም» አልኩት። ተሳደበ፤ ግን ላከ። ህንድ የተሠራ ኤምአርኤፍ ነበር፣ ቁጥሩ 1119። ይህ ፋብሪካ በ1946 እ.ኤ.አ. ማድራስ ውስጥ የልጆች ፊኛ በመሥራት የጀመረ ነው ሲባል የሰማሁት በኋላ ነው። ዶላር በባንክ 29 ብር አካባቢ በነበረበት በዚያ ወቅት ጎማው ከሦስት ሺህ ብር ትንሽ አለፈ። ያኔ በጣም ተወድዶብኝ ነበር።

ጎማው በአውቶቡስ እስኪመጣ ሞተሯ ቆማ ስለነበር በድርጅቱ ፒክአፕ ወደ በበቃ ወረድን። በበቃ ከሚዛን ሞቃት፣ ጥላ ዛፉ የረዘመ፣ ቡናው በመደዳ የተተከለበት ሰፊ እርሻ ነው፤ መንግሥት ይዞት ከኖረ በኋላ ሆራይዘን ፕላንቴሽን ገዝቶታል። አዲስ አበባ ያለው የጎማ ፋብሪካም ሆራይዘን አዲስ ጎማ ይባላል፤ ሁለቱም የሼህ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው። ይህን ያስታወሰኝ ሾፌሩ ነው፤ «የቡናው ጌታና የጎማው ጌታ አንድ ከሆነ ቡና ስትሸጥለት በጎማ ይክፈልህ» ብሎ ቀለደ። ከዚያ አልፈን ወደ ጉራፈርዳ ስንሄድ ግን ቀልድ ያልሆነ ነገር አየሁ፤ የኬሚካል ኢንዱስትሪ ኮርፖሬሽን የጎማ ዛፍ እርሻ።

ከመንገዱ ዳር ወርደን ገባን። ዛፎቹ ቀጥ ያሉ፣ ልጣቸው አመድማ፣ በመደዳ የቆሙ ናቸው። አንድ የእርሻው ሠራተኛ ሰላምታ ሰጥቶን አንዱን ዛፍ በቢላዋ ጫፍ ሸርተት አድርጎ ጫረው። ነጭ ወተት ተንጠባጠበ። በጣቴ ነካሁት፤ መጀመሪያ ወተት ነው፣ በሁለት ጣቴ መሀል ሳሸው ደግሞ ይጣበቃል፣ ቆይቶ ስስ ክር ሆነና እንደገና ተሰበሰበ። ዛፉ መታለብ የሚጀምረው ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ እንደሆነ፣ የሚታለበውም ወተቱ በደንብ በሚወርድበት በንጋት እንደሆነ አስረዳን።

የጎማ ዛፍ አገሩ አማዞን ነው። ሄንሪ ዊክሃም የተባለ እንግሊዛዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ዘሩን ከብራዚል ወደ ለንደን ወሰደ፣ ከዚያ ወደ እስያ ተበተነ፤ ብራዚልም ገበያዋን አጣች። የእኛ የጌሻ ቡና መንገድ ደግሞ በተቃራኒ ሄዷል። ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለቀመ ዘር በምሥራቅ አፍሪካና በኮስታ ሪካ አድርጎ ፓናማ ገባ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ፓናማ ውስጥ በተደረገ ጨረታ ዓለም አወቀው። እኛ የቡናውን ዘር ሰጥተን የጎማውን ዘር ተቀብለናል ማለት ነው። ሾፌሩ ጣቴ ላይ የቀረውን ሙጫ አይቶ «እስኪ እሱን ሚዛን ወስደህ ለጎሚስታው ስጠው፣ ጎማ ያድርግልህ» አለኝ። ወተቱን ጎማ የሚያደርገው ድኝና ሙቀት ነው፤ ጥቁር የሚያደርገው ደግሞ ከዘይት የሚወጣ ጥላሸት። ድኙም ጥላሸቱም ፋብሪካውም እዚያ ጫካ ውስጥ የለም። ስለዚህ ከጎማ ዛፍ ብዙም ሳልርቅ ተቀምጬ ጎማዬን ከህንድ በሶማሌ ተራ በኩል እጠብቃለሁ።

ጎማው መጣ። ጎሚስታው ከሁሉ አስቀድሞ ያየው ቀስቱን ነው፤ ብዙ የሞተር ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚዞረው፣ ቀስቱም ያንን ያሳያል። ቀጥሎ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቢጫ ነጥብ ፈለጋት፤ የጎማው ቀላል ክፍል እሷ ጋ ስለሆነ ከቫልቩ ትይዩ መግባት አለባት። አዲስ ቫልቭ ከተተ። የቸርኬውን ጠርዝ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ የድሮውን ማስቲሽና ዝገት አወጣ፣ በጨርቅ ጠረገው። ሳሙና በውሃ አረፋ አድርጎ የጎማውን ከንፈር ቀባና በብረት እየመነቀረ አስገባው፤ ብረቱ ቸርኬውን እንዳይፍቀው የተቆረጠ የከመነዳሪ ቁራጭ መሀል ላይ ያደርጋል። ከዚያ ኮምፕሬሰሩን ሰካ። ጎማው ተነፋ፣ ተነፋ፣ «ጧ!» አለ። አንዱ ጎን ተቀመጠ። ሁለተኛው «ጧ!» እስኪመጣ ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅን። መጣ። ጎማውን በገንዳው ውሃ ውስጥ አዞረው፤ አረፋ የለም።

«28 ሙላው» አለ ረዳቱን። «ሰው ከተፈናጠጠ 32።» እኔን ዞር ብሎ «ደግሞ ለመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር አትጣደፍ» አለኝ። አዲስ ጎማ ላዩ ላይ ከፋብሪካው የተቀባ ቅባት አለው፤ እስኪለቅ ድረስ ራሱ ያዳልጣል። አዲስ ጎማ አድርጎ በዚያው ቀን የወደቀ ብዙ ሰው ማየቱን ነገረኝ።

በዚያን ሰሞን ወደ ቴፒ የሚኬደው ስለ መንገዱ ሰላም ወሬ እየጠየቁ ነበር። ወሬው ሲረጋ ሄድኩ። ሸኮን አልፎ ያለው መንገድ በጫካ መሀል የሚጠማዘዝ ነው፤ ጭጋጉ ከዛፎቹ ላይ ወርዶ መንገዱ ላይ ይቀመጣል፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ ጎደሬ የተሸከሙ ሴቶች ጥጉን ይዘው ይወርዳሉ። መጀመሪያ ቀስ እያልኩ፣ ከዚያ እየለመድኩ አጋደልኳት። የሜዳው ጠርዝ ጠፍቷል። ከመሀል ወደ ጎን ስትሄድ ምንም የሚሰማ ነገር የለም፤ ሞተሯ እኔ ያሰብኩበት ሄዳ ትጠብቀኛለች። ዶፉ ሲጀምር ሆን ብዬ ፍሬን ሞከርኩ። ያዘ። ቴፒ ስገባ እጄ አልደነዘዘም። ከአሮጌው ጎማ ጋር እጄ የሚደነዝዘው መሪውን ጨብጬ ስለምነዳ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ጭቃው ላይ ግን እንደጠበቅሁት ነው። ጥቅምት ላይ እሸቱ ሲቀላ መቀበያዎቹ ተከፈቱ፣ እኔም ዳገቶቹን ጀመርኩ። ከዋናው መንገድ ወጥቼ ብዙም ሳልርቅ የኋላው ጎማ ይሞላል፣ ይዞራል፣ አይሄድም። እግሬን በሁለት ጎን አውርጄ በአንደኛ ማርሽ እየገፋሁ እወጣለሁ፤ የማይሆን ሲሆን ገበሬው ቤት አስቀምጬ በእግሬ እሄዳለሁ። ነፋሱን ትንሽ መቀነስ ጎማውን ያሰፋዋል፣ ያግዛልም፤ ነገር ግን ድንጋይ ባለበት ቀንሶ መሄድ ቸርኬ ማስጎበጥ ስለሆነ አልወደድኩትም። ያን የቻይና ጥርሳም ጎማ የገዛ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ጭቃውን እያለፈኝ ይሄዳል፣ ዞር ብሎም ያፏጭብኛል። አስፋልት ላይ ስንገናኝ ጎማው የሚያጉተመትመው ከሩቅ ይሰማል፤ ጥርሶቹም ከመሀል ጀምሮ እየተሰለቡ ዓመቱ ሳያልቅ አለቁ። ሁለታችንም ትክክል ነበርን ብል ይቀለኛል፤ ግን እሱ በአብዛኛው የሚሠራው ቀበሌ ውስጥ ነው፣ እኔ አብዛኛው ኪሎ ሜትሬ ዋናው መንገድ ላይ ነው። የእሱን ጎማ ለእኔ ቢሰጡኝ አልቀበልም ነበር።

ያ ጎማ ሁለት የቡና ወቅት አገለገለኝ። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጥርሱ ከእብጠቷ ጋር ሲስተካከል ያንኑ ዓይነት በዚያው መንገድ አስመጣሁ፤ ዋጋው ግን ያው አልነበረም። ብዙም ሳልነዳው ደግሞ ሥራ ቀየርኩና ሞተሯን ለመሸጥ ወሰንኩ። ኅዳር ላይ ደቡብ ምዕራብ ክልል ተመሥርቶ ሚዛን አማንም ቴፒም ከመቀመጫ ከተሞቹ መሀል ስለሆኑ፣ ከተማው በአዲስ መጭ ሠራተኛ ተጨናንቆ ነበር፤ ሞተር የሚፈልግ ሰው አልጠፋም።

የመጣው ገዢ ከቦንጋ የተዛወረ ወጣት ነው። ሞተሯን አላስነሣም፣ ዘይቷን አላየም። ቀጥታ የኋላው ጎማ ጋ ሄዶ ተቀመጠና በስልኩ መብራት ጎኑን ማንበብ ጀመረ። «3521» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ቀና ብሎ «በእኛ ነው በፈረንጅ?» አለኝ።

«በፈረንጅ። ነሐሴ መጨረሻ የተሠራ ነው፣ የ2013 ነሐሴ።»

ራሱን ነቀነቀ። ተነሥቶ ወደ ፊት ዞረ፣ እንደገና ቁጢጥ አለ። የፊቱ ጎማ ከሞተሯ ጋር አብሮ የመጣው ነው፣ 2018 ይላል፣ ጎኑም መሰንጠቅ ጀምሯል። ይህን እኔ ሳልነግረው አገኘው። በጣቱ እየጠቆመ ስንጥቆቹን አንድ በአንድ አሳየኝና ከተስማማንበት ዋጋ ላይ ሁለት ሺህ ብር ቀነሰ። አልተከራከርኩትም።